ሪፖርት አደረግን፤ ከዚያስ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰው ፎቶና ጽሑፍ የሚለጥፍበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ከአወያዮቹ አንዱ ነበርኩ። ደመወዝ የለውም። ማታ ማታ ከሥራ መልስ የሚመጡትን ሪፖርቶች እያየን እንወስናለን፣ በቃ።

አንድ ምሽት ስከፍተው 34 ሪፖርት ተሰልፏል። 33ቱ ስለ አንድ ፖስት ነው። ሁለት ሰዎች ተከራክረው አንደኛው ነገሩ አልጥም ሲለው ወዳጆቹን ጠርቶ «ይህን ሰውዬ ሪፖርት አድርጉልኝ» ብሏቸዋል። ፖስቱን ሦስቴ አነበብኩት። አነጋገሩ ይጎረብጣል እንጂ ከደንባችን የጣሰው ነገር የለም።

34ኛው ብቻውን ነበር። ፎቶ ነው። አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ቆማ ትስቃለች። ስድብ የለም፣ ደም የለም፣ እርቃን የለም። «ጥፋት የለበትም» የሚለውን ልጫን ስል ከስር ያለች ማስታወሻ ዓይኔ ገባች። «ሌላ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ነው የተጻፈችው። «ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። የለጠፈችው ጓደኛዬ ናት፤ ክፉ አስባ አይደለም፤ ስልኳ ግን ዝግ ነው። ከኋላዬ የሚታየው ሕንፃ አሁን የምኖርበት ነው። ከሚደበድበኝ ሰው ሸሽቼ ነው የመጣሁት። እሱም እዚህ ገጽ ላይ አለ።»

ፎቶውን ወዲያው ከገጹ ላይ አነሳሁት። እጄ ግን ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ማስታወሻዋን ሳላይ አልፌ ቢሆንስ?

ያን ምሽት የገባኝን ነገር እስካሁን አጥብቄ ይዤዋለሁ። ሪፖርት ጥቆማ ነው። ጥቆማ የሚመዘነው በያዘው ነገር ነው፤ ስንት ሰው ላከው ተብሎ አይቆጠርም። አብዛኛው ድረ ገጽ ግን ሪፖርትን እንደ ድምፅ መስጫ ይቆጥረዋል፤ ተጠቃሚውም እንደዚያው።

«በሪፖርት እናዘጋው» የሚለውን ጥሪ ያላየ የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚ ያለ አይመስለኝም። ሊንኩ ይበተናል። የትኛውን ምክንያት መምረጥ እንዳለበት ሳይቀር ለሰው ይነገረዋል። ከዚያ ሁሉም ይረባረባል። ዒላማው ብዙ ጊዜ ጋዜጠኛ ነው፣ ወይም ሐሳቧን በግልጽ የምትናገር ሴት ናት። ድረ ገጹ «10 ሰው ሪፖርት ካደረገው ፖስቱ በራሱ ይጥፋ» የሚል ደንብ ካለው ደግሞ ቁልፉን ለአጥቂዎቹ አስረከበ ማለት ነው። ዐሥር ወዳጅ ያለው ሁሉ የፈለገውን ሰው አፍ ያዘጋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ስለ አንድ ፖስት የመጡ ሪፖርቶች ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጠቃለሉ። 33 ሰው ላከውም አንድ ሰው፣ የሚታየው አንዴ ነው። ብዛቱ ጨርሶ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ በድንገት ሲጎርፍ የሆነ ነገር እየተፈጠረ እንደሆነ ይጠቁማል። ስለዚህ ብዛት ወረፋ ያስቀድም፤ ፍርዱን ግን ሰው ይስጥ። ሌላው የሪፖርት አድራጊውን ታሪክ ማየት ነው። ፌስቡክ በ2018 አንድን ዜና «ሐሰት ነው» እያሉ ሪፖርት የሚያደርጉ ሰዎችን ታማኝነት ከ0 እስከ 1 ባለ ነጥብ እንደሚመዝን ተናግሯል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግም መሠረት የሌለው ሪፖርት የሚያዘወትር ሰው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት፣ ሪፖርቶቹን ማስተናገድ ለተወሰነ ጊዜ እንዲቋረጥ ያዛል። ትክክል ነው እላለሁ። ሐሰተኛ ጥቆማ የሚያባክነው ጊዜ የዚያችን ሴት ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ድረ ገጾች ሪፖርት የመቀበል ግዴታ ከየት መጣባቸው? ነገሩ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ነው የተጀመረው። በ1991 ኮምፑሰርቭ የተባለ አገልግሎት ሌሎች በጻፉት ነገር ተከሰሰ። ይዘቱን አስቀድሞ አያይም ነበርና ነፃ ወጣ። በ1995 ተራው የፕሮዲጂ ሆነ። ፕሮዲጂ ስድብና ነውር ለማጽዳት የሚጥር አገልግሎት ነበር። የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ታዲያ ይዘቱን የምትቆጣጠር ከሆነ እንደ አሳታሚ ትጠየቃለህ አለው። ዓይኑን የጨፈነው ዳነ፤ ለማጽዳት የሞከረው ተያዘ።

የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን ለማስተካከል በ1996 ክፍል 230 የሚባለውን ድንጋጌ አወጣ። ድረ ገጽ ሌላ ሰው በለጠፈው ነገር እንደ አሳታሚ አይጠየቅም፤ በቅን ልቦና ነውር ነገር ስላነሳም አይከሰስም። አውሮፓ ሌላ መንገድ ያዘች። በ2000 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ንግድ መመሪያ፣ ድረ ገጹ ሕገ ወጥ ይዘት መኖሩን እስካላወቀ ድረስ አይጠየቅም፣ ካወቀ ግን ሳይዘገይ ማንሳት አለበት ይላል። በቅጂ መብት ጉዳይ አሜሪካም በ1998 ተመሳሳይ መንገድ ተከትላለች።

«ካወቀ» የምትለው ቃል ላይ ነው ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው። ሪፖርት ማለት በሕግ ዓይን «አላወቅኩም» የሚለውን መልስ ከድረ ገጹ አፍ የሚነጥቅ ነገር ነው። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ይህን አጠንክሮታል። በቂ ዝርዝር ያለው ሪፖርት ከደረሰው፣ ድረ ገጹ እንዳወቀ ይቆጠራል። ለዚህም ነው ማስታወሻው ውስጥ የምንጽፈው ነገር እንዲህ የሚከብደው። «ይህ አስጸያፊ ነው» ብሎ መላክና «በቪዲዮው 3ኛ ደቂቃ ላይ የሰውዬው ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ ይታያል» ብሎ መላክ ፈጽሞ አንድ አይደለም።

ወደ ሳጥኖቹ ልመለስ። ሪፖርት ስናደርግ ዝርዝር ይመጣል፦ አይፈለጌ መልእክት፣ ጥላቻ፣ ትንኮሳ፣ ጥቃት፣ ራስን መጉዳት፣ ሌላ። ሰው ቸኩሎ አንዱን ይነካል። ከበስተጀርባ ግን ያ ንክኪ ሪፖርቱን ወደ አንዱ ወረፋ ይልከዋል። አንዱ ወረፋ በደቂቃ ይታያል፤ ሌላው ሳምንት ይከርማል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል በ2019 ታይቷል። በማርች 15 አንድ ነፍሰ ገዳይ በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች ላይ ጥቃት ሲፈጽም ከፊሉን በፌስቡክ በቀጥታ እያስተላለፈ ነበር። 51 ሰዎች ሞቱ። ፌስቡክ በኋላ እንደገለጸው ሥርጭቱን በቀጥታ ያዩት ከ200 ያነሱ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል በቀጥታ ሥርጭቱ ወቅት ሪፖርት ያደረገ አንድም ሰው የለም። የመጀመሪያው ሪፖርት የደረሰው ሥርጭቱ ከተጀመረ ከ29 ደቂቃ፣ ካበቃ ደግሞ ከ12 ደቂቃ በኋላ ነው። ቪዲዮው እስኪነሳ ወደ 4,000 ጊዜ ታይቷል። በቀጣዮቹ 24 ሰዓታት ኩባንያው 1.5 ሚሊዮን ቅጂዎችን አነሳ፤ ከእነዚህ 1.2 ሚሊዮኑ ገና ሲጫኑ የታገዱ ናቸው።

ብዙዎች ያላስተዋሉት አንድ ነገር አለ። በጊዜው ልክ ያበቃ የቀጥታ ሥርጭት በፍጥነት የሚታየው ራስን ስለማጥፋት ሪፖርት ከተደረገ ብቻ ነበር። ያ የመጀመሪያው ሪፖርት በሌላ ምክንያት ነው የተመዘገበው። ስለዚህ በሌላ አሠራር ተስተናገደ። የሰው ልጅ በጅምላ ተገድሎ፣ ሪፖርቱ ትክክለኛው ሳጥን ውስጥ አልገባም። ሪፖርት ያደረገውን ሰው አልወቅስም። እንዲያ ያለ ነገር አይቶ የትኛውን ሳጥን ልንካ ብሎ የሚያሰላስል ማን ነው? ምድቡን መለየት የተቀባዩ ሥራ መሆን አለበት። ተጠቃሚው ያየውን ይናገር። «ሌላ» የሚለው ሳጥን ደግሞ ከወረፋው መጨረሻ ወጥቶ ቀድሞ በሰው ዓይን ይታይ። ማንም አስቀድሞ ያላሰበው አደጋ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው መንግሥታትም በሰዓት ለመግዛት ሞክረዋል። ጀርመን በ2017 ባወጣችው ሕግ፣ ዓይን ያወጣ ሕገ ወጥ ይዘት ጥቆማ በደረሰ በ24 ሰዓት፣ ሌላው ደግሞ በመደበኛው በ7 ቀን ውስጥ እንዲነሳ አዘዘች፤ ቅጣቱ እስከ 50 ሚሊዮን ዩሮ ይደርስ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለሽብር ይዘት የሰጠው ጊዜ፣ ከባለሥልጣን ትእዛዝ በደረሰ አንድ ሰዓት ነው። አሜሪካ በ2025 ያወጣችው ሕግ ደግሞ ያለ ፈቃድ የተሠራጨ የእርቃን ምስል፣ በማሽን የተፈበረከውንም ጨምሮ፣ ተጎጂው ካመለከተ በ48 ሰዓት እንዲነሳ ያስገድዳል።

የመጨረሻውን ሕግ ዓላማ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። እንዲህ ያለ ምስል በየሰዓቱ ይባዛል፤ ተጎጂዋ በየሰዓቱ ትሞታለች። ሰዓት ብቻውን ግን ሌላ ጣጣ አለው። ቅጣት የፈራ ድርጅት የሚያጠራጥረውን ሁሉ ያነሳል። ሳያስፈልግ በማንሳቱ የሚቀጣው የለማ! ጀርመንን የተቹ ሰዎች ያሉት ይህንኑ ነው። እኔ ያየሁት መላ መሃል ላይ ያለ ነው፦ በሰው ሕይወት ወይም አካል ላይ አደጋ ካለ ወዲያው ደብቅ፣ ከዚያ መርምር፣ ስህተት ከሆነ መልስ። የበረንዳው ፎቶ ለአንድ ቀን ያለ አግባብ ቢደበቅ የሚጎዳ ሰው የለም። የፖለቲካ ክርክር በምርጫ ዋዜማ ለአንድ ቀን ቢደበቅ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰዓት መለካት ስህተት ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ጉዳይ። ሪፖርቱን የሚያነበው ሰው ቋንቋውን ያውቃል ወይ?

በምያንማር በሮሂንጋ ሕዝብ ላይ የጥላቻ ቅስቀሳ ሲካሄድ ሰዎች ለፌስቡክ ሪፖርት ያደርጉ ነበር። በ2015 መጀመሪያ ላይ ግን ቡርምኛ እያነበቡ ፖስቶችን የሚመረምሩለት ሁለት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ ሮይተርስ በ2018 አጋልጧል። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ቡድንም በዚያው ዓመት የኩባንያው ምላሽ ዘገምተኛና ውጤት አልባ እንደነበር ገልጿል። ሰዎቹ ጮኸዋል። ሪፖርቱ ደርሷል። የሚሰማው ሰው አልነበረም።

ቋንቋ ስል መዝገበ ቃላት ማለቴ አይደለም። የአንድ ተባይ ስም በመዝገበ ቃላት ተባይ ነው። በአንድ ወቅት፣ በአንድ ሕዝብ ላይ ሲባል ግን የግድያ ጥሪ ይሆናል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሰምና ወርቅ ብለን አድገናል። ማሽን ሰሙን ያነባል፣ ወርቁ ያመልጠዋል። ስለዚህ ከሳጥኑ ስር «ይህ ቃል በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ አስረዱን» የሚል ቦታ ቢኖር ብዙ ነገር ይቀየራል። ጥቆማ አድራጊው ምስክር ብቻ ሳይሆን አስተርጓሚም ነው።

ማሽኖች አይረቡም እያልኩ አይደለም። ከዚህ በፊት የታወቀን የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስል ለመለየት በ2009 የተሠራው ፎቶዲኤንኤ የተባለ ሶፍትዌር በጣም ብዙ በጎ ሠርቷል። ማንም ሰው ያን ምስል ደጋግሞ ማየት ሳያስፈልገው ቅጂዎቹ ይያዛሉ። የታወቀ ነገር ላይ ማሽን ጎበዝ ነው። አዲስና አሻሚ ነገር ላይ ግን ይስታል። በ2020 ወረርሽኙ ሠራተኞችን ቤት ሲያውል ዩቲዩብ ፍርዱን በብዛት ለማሽን ሰጠ። ከአፕሪል እስከ ጁን ከ11 ሚሊዮን በላይ ቪዲዮ ተነሳ። ወደ 320,000 የሚጠጋ ይግባኝ ቀረበ፤ ግማሽ ያህሉ ተሳክቶ ቪዲዮዎቹ ተመለሱ። ይግባኝ ያላለውን ቤት ይቁጠረው።

ሰውም ቢሆን ደንቡን እንደ ማሽን ካነበበው ይስታል። በ2016 ፌስቡክ በቬትናም ጦርነት በናፓልም ቦምብ የተቃጠለች ሕፃን ልጅ እርቃኗን እየሮጠች የምትታይበትን የ1972 ፎቶ ከገጹ ላይ አነሳ። ደንቡ የሕፃን እርቃን አይፈቀድም ይላልና። ከኖርዌይ የተነሳው ተቃውሞ ሲበረታ መለሰው።

እነዚህን ሁሉ ፍርዶች የሚሰጡት ሰዎች እነማን ናቸው? አብዛኞቹ በኮንትራት የሚሠሩ፣ በቀን ብዙ መቶ ሪፖርት የሚያዩ ናቸው። በ2020 ፌስቡክ በሥራው ምክንያት ለአእምሮ ጉዳት ተጋለጥን ላሉ በአሜሪካ የሚገኙ ሠራተኞች 52 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እኔ በትርፍ ጊዜዬ፣ በትንሽ ገጽ ላይ፣ ጥቂት ያየኋቸው ምስሎች አሁንም ከእንቅልፌ ያባንኑኛል። ሥራቸው የሆነውስ? ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየር፣ ማደብዘዝ፣ ድምፁን መዝጋት፣ በየመሃሉ እረፍት መስጠት፤ እነዚህ ቅንጦት አይደሉም። የደከመ ዓይን የ34ኛውን ሪፖርት ማስታወሻ አያይም።

ደግሞ መልሱ አለ። ሪፖርት አድርገው መልስ የጠበቁ ሰዎችን ብትጠይቋቸው አብዛኞቹ «የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ» ይሏችኋል። ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ መስመር ይመጣል፦ «ሪፖርትዎን ተመልክተናል፤ ይዘቱ ደንባችንን አይጥስም።» የትኛውን ደንብ? ማን አየው? ማስታወሻዬ ተነቧል? የለም። አንዴ ጆሮ ዳባ ልበስ የተባለ ሰው ሁለተኛ አይጠቁምም። ድረ ገጹ ያጣው አንድ ሪፖርት ብቻ እንዳይመስለው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አደጋ የሚነግረውን ሰው ነው ያጣው።

ተመራማሪዎችና የመብት ተሟጋቾች በ2018 ያወጡት የሳንታ ክላራ መርሆዎች የሚባል ሰነድ አለ። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ምን ያህል ይዘት እንዳነሳችሁ ቁጥሩን አሳዩ፣ ፖስቱ ለተነሳበት ሰው ምክንያቱን ንገሩ፣ ይግባኝ ፍቀዱ። ከ2024 ፌብሩዋሪ ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ብዙውን ወደ ግዴታ ቀይሮታል። ለጠቆመው ሰው ውሳኔው ይነገረዋል። ፖስቱ ለተነሳበት ሰው ምክንያቱ ይገለጽለታል። ሁለቱም ቢያንስ ለ6 ወር ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይችላሉ፤ አቤቱታውም በማሽን ብቻ ሊወሰን አይችልም። ትልልቆቹ ሕጉን ከጣሱ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ገቢያቸው እስከ 6 በመቶ ሊቀጡ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነገር አለ። ምክንያት መግለጽና ጠቋሚውን ማጋለጥ በቀጭን መስመር ነው የሚለያዩት። «ፖስትህ የተነሳው ጎረቤትህ ስለከሰሰህ ነው» የሚል አንድምታ ያለው መልእክት ሰው ሊያስገድል ይችላል። የትኛው ደንብ እንደተጣሰ ይነገር፤ ማን እንደጠቆመ፣ በስንት ሰዓት እንደጠቆመ፣ በምን ቃል እንደጻፈ አይነገር። በጥቂት ሰዎች ግሩፕ ውስጥ ሰዓቱ ብቻ ማንነትን ያሳብቃል። የቅጂ መብት ክስ የተለየ ነው፤ እዚያ ባለመብቱ ስሙን መግለጽ አለበት።

ሪፖርት ለምታደርጉ ደግሞ ካየሁት ልንገራችሁ። ምስሉ ላይ የማይታየውን ጻፉ፤ የሚታየውንማ አወያዩም ያየዋል። ማን እንደሚጎዳ፣ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ። ዛቻ ከሆነ ከማስነሳታችሁ በፊት ሊንኩንና ስክሪንሾቱን ያዙ፤ ፖስቱ ከተነሳ በኋላ ለፖሊስ የምታሳዩት ነገር አይኖርም። የሕፃናት ወሲባዊ ምስል ከሆነ ግን በፍጹም ስክሪንሾት አታንሱ፣ ለማጋለጥ ብላችሁም ሼር አታድርጉ። ሊንኩን ብቻ ይዛችሁ ለድረ ገጹና ለሕግ አካል ጠቁሙ። የራሳችሁ የእርቃን ምስል እየተሠራጨ ከሆነ ስቶፕኤንሲአይአይ የሚባል አገልግሎት አለ። ምስሉ ከስልካችሁ ሳይወጣ የዲጂታል አሻራውን ብቻ ወስዶ አባል ለሆኑ ድርጅቶች ያስተላልፋል።

ያን ምሽት ለሴትየዋ ሁለት መስመር ጻፍኩላት። «ማስታወሻሽን አንብቤዋለሁ። ፎቶው ከገጹ ተነስቷል፤ ለለጠፈችው ጓደኛሽ የነገርናት የሰው መኖሪያ የሚያሳይ ፎቶ መሆኑን ብቻ ነው።» ወዲያው መለሰች። አላመሰገነችኝም፣ እንድታመሰግነኝም አልጠበቅኩም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ስንት ሰው አይቶታል?»

ከፈትኩና አየሁ። 41 ይላል። እነማን እንደሆኑ ግን ገጹ አያሳይም ነበር። እንደዚያው ጻፍኩላት።